ጠርሙሱን አገላብጣ ላየችልኝ ፋርማሲስት

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ «ብራህሚ የሚሉትን የሚያቀዘቅዝ የሕንድ ቅጠል ልጀምር ነው» ማለት ያስቃል። እናቴማ «ብርዱ አልበቃህ ብሎ ነው?» አለችኝ። ከመሐል ሜዳ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ የመንዝ ባናዋን ተከናንባ፣ ከሰሉ ዳር ኩርምት ብላ ነው እንዲህ ያለችኝ። አልተሳሳተችም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ጠዋት በሬሳን ስሻገር ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የጋለው ግን ጭንቅላቴ ነበር።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ 30 ሲቃረብ እኛ ቢሮ ምን እንደሚመስል የሙያው ሰው ያውቀዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እባንናለሁ። መጀመሪያ አንድ ያልተወራረደ ሒሳብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ የጠፋች የሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቅጠል። ከዚያ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ። ከዚያ ደግሞ የዛሬ አራት ዓመት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ የተናገርኳት ክፉ ቃል። ምን አገናኛቸው? ምንም። ግን ወፍጮው አንዴ ከተነሣ እህል አይመርጥም። ዶሮ ሲጮህ እንቅልፍ ሊወስደኝ ይሞክራል፣ ያኔ ደግሞ ሥራ ደርሷል። ዘንድሮ ይባስ ብሎ ሰኔን እንኳ ሳይጠብቅ በመጋቢት ጀመረኝ።

በመሀል ያደረግሁትን ሞኝነት ልናገርና ይውጣልኝ። አንድ ቦታ «ለጭንቀት ፍቱን ነው» ብለው በፌስታል የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት ሸጡልኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ማን እንዳዘጋጀው የለው። ሁለት ቀን በሻይ ማንኪያ ዋጥኩና ሆዴ ሲታመም ጣልኩት። ብሩ ቆጭቶኛል።

ለፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከሕንድ መጣ። እዚያ ነው የሚማረው። ችግሬን ሲሰማ ከሻንጣው አንድ ጠርሙስ አወጣ፤ ብራህሚ ይሉታል። ውኃ በማይለየው ረግረግ መሬት ላይ እየተሳበ የሚበቅል፣ ትንንሽ ቅጠል ያለው ተክል ነው አለኝ። አዩርቬዳ የሚባለው የሕንዶች የጥንት ሕክምና ሰውን በሦስት ባሕርይ ይመዝናል፤ ቫታ፣ ፒታ፣ ካፋ። ፒታ የእሳቱ ወገን ነው። ቫታ የነፋሱ ነው፤ እሱ ሲበዛ ሐሳብ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ብራህሚ መራራና ቀዝቃዛ ስለሆነ እሳቱን ያበርዳል፣ ነፋሱንም ያረጋጋል ይላሉ። ሕንዶቹ በቅቤ አንጥረው ይወስዱታል፣ በዘይት አድርገውም አናታቸውን ይቀቡታል።

እናቴ እዚህ ላይ ጣልቃ ገባች። «ታዲያ ይኼ ምኑ አዲስ ነው? ራሱን ያመመው ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። ሆዱ የጋለ ተልባ ይጠጣል። ለዚህ ሕንድ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?»

መልስ አልነበረንም።

ጠርሙሱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የወጣሁት ግን ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ ነው። የእንቅርት ታማሚ ናት፣ በየቀኑ የምትውጠው የታይሮይድ ክኒን አላት። በእኛ ደጋ አገር አንገቱ ያበጠ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ አፈሩም ውኃውም አዮዲን ያንሰዋል። የምስጋናዬ ባለቤት ጋ ያደረሰኝ እንግዲህ የእናቴ ክኒን ነው።

ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ አልጠራም። ወጣት ፋርማሲስት ናት። ክኒኑን ስትሰጠኝ ድንገት ጠርሙሱን አውጥቼ «እህቴ፣ ይኼ ነገር ይጠቅማል ይጎዳል?» አልኳት። «ይጠቅማል» ብትለኝ አመስግኜ እወጣ ነበር። «እኔ የማልሸጠውን አልመክርም» ብትለኝም አልፈርድባት። እሷ ግን ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ጽሑፉን አነበበች፣ ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ።»

መጠየቅ ጀመረች። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ግፊትስ? ጨጓራ ያምዎታል? የልብ ምትዎ ቀርፋፋ ነው ተብለው ያውቃሉ? ብራህሚ የልብ ምትን ሊያዘገይ ስለሚችል ነው የመጨረሻውን የጠየቀችኝ። እጄን ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «መኖር የማስጠላት፣ ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ኧረ በፍጹም» አልኳት፣ እውነቴንም ነው። «መጥቶብዎት ቢሆን ኖሮ ይኼን ጠርሙስ ወደ ጎን አድርገን ሐኪም ቤት ነበር የምልክዎት» አለች። ያን ያህል ወር ስባንን አንድም ሰው ይህን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ለዚህ ብቻ እንኳ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ይገባኝ ነበር።

ቀጥላ ስለ ቡና አነሣች። የኛ ደጅ ቡና ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው የሚፈላው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ አንዱም አይቀርብኝም። «ጋሼ፣ ከጠጡት ካፌይን አምስት ስድስት ሰዓት ቆይቶም ግማሹ ሰውነትዎ ውስጥ ነው» አለችኝ። ሳሰላው እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ተኩል ስኒ ቡና ይዤ ነው የምተኛው። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን አለማስላቴ!

ስለ ጠርሙሱ የነገረችኝን ሌላም ሰው ስለሚጠቅም በደንብ ልጻፈው። ብራህሚ በሚል ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ተክሎች አሉ። አንዱ ባኮፓ ሞኒዬሪ ነው። ሌላው ሴንቴላ አሲያቲካ፣ ጎቱ ኮላ የሚሉት። ስለዚህ የፊት ለፊቱን ስም ትቶ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳይንሳዊ ስም ማንበብ ነው። የኔው ባኮፓ ነበር፣ አንዱ እንክብል 300 ሚሊግራም የተክሉ ጭምቅ። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ በቀን ይህንኑ ያህል፣ ለ12 ሳምንት ያህል ነው የሰጡት። «የእንቅልፍ ክኒን እንዳይመስልዎት» አለችኝ። «ዛሬ ውጠው ዛሬ አይተኙም። ደግሞም ጥናቶቹ ይበልጥ የሚደግፉት ለማስታወስ ነው። ለጭንቀት ያለው ማስረጃ ሳሳ ያለ ነው። ይኼን አውቀው ይግቡበት።» ሻጭ እንዲህ ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የፌስታሉን ዱቄት ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ ከየሱቁ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች ተመርምረው ነበር። 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኘባቸው። ከአምስት አንዱ ማለት ነው። ያውም ስምና ማሸጊያ ያላቸው! የኔው ፌስታል ምን እንደነበረበት እግዜር ይወቀው።

ሌላም ጠየቅኳት፤ ትንሽ አፍሬ ነው የጠየቅኳት። የሰኔ ጾም እየመጣ ነበር። የብዙ እንክብል ልባስ ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን ነው የሚሠራው። አልሳቀችብኝም። ጠርሙሱን አዙራ በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለች አረንጓዴ ነጥብ አሳየችኝ። ሕንዶች ሥጋ የሌለበትን የሚለዩባት ምልክት ናት። «ከምግብ ጋር ይውሰዱት እንጂ በባዶ ሆድ እንዳይሞክሩት፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድም ያላላል። በጾሙ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ በዘይት ከተሠራ ሽሮ ጋር ይሆናል» ብላ ሸኘችኝ። የከፈልኩት የእናቴን ክኒን ዋጋ ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆማብኛለች፣ ከኋላዬም ሰልፍ ነበር። የተሰለፋችሁት ይቅር በሉኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ «እስቲ ለኔም አንዷን ስጠኝ፣ እኔስ ሐሳብ የለብኝም?» አለች። ልሰጣት ጠርሙሱን ከፍቼ ነበር፣ ማርያምን። ትዝ አለኝና ወደ ፋርማሲው ደወልኩ። «እንዳይሰጧት!» አለችኝ። በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ባኮፓ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ አድርጎት ታይቷል። ክኒኑን በደም ምርመራ እየተለካ ለሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊደባለቅበት አይገባም። እግረ መንገዷንም የእናቴ የመጨረሻ የደም ምርመራ መቼ እንደነበር ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት አልፎታል። የልብ መምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ መብዛት የመድኃኒቱ መጠን ሲበዛም እንደሚመጣ ያን ቀን አወቅሁ። እናቴ በማግስቱ ደም ሰጠች። መጠኑ በዝቶ ተገኘ፣ ሐኪሟ ቀነሰላት።

ጎረቤቴ ደግሞ የራሱን ምክር ይዞ መጣ። «አሽዋጋንዳ እያሉ የሚሸጡት እኮ የኛው ግዛዋ ነው፣ ከአጥር ሥር ነቅለህ ቀቅለው» አለኝ። ተክሉስ እውነትም አንድ ነው። እናቶቻችን ለክፉ መንፈስ የሚያጨሱት ግዛዋ ነው እዚያ በጠርሙስ የሚሸጠው። ፋርማሲስቷ ግን «የሚያሞቅ ነው እንጂ የሚያቀዘቅዝ አይደለም፣ በራሳቸው በሕንዶቹ አቆጣጠር» አለችና ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች እንዳሉም ጨመረችልኝ። ጎረቤቴ ትንሽ ተቀይሟል።

እና ብራህሚው ሠራ ወይ? ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ሰው አይሰማምና በባዶ ሆድ ዋጥኩት፤ ቢሮ ውስጥ ወደ መጸዳጃ ስሮጥ ዋልኩ። አንድ ቀን ደግሞ ለማወቅ ብዬ እንክብሉን ከፍቼ ቀመስኩት። ኮሶ የጠጣችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ወር ሙሉ የተለየ ነገር የለም። በስድስተኛው በሰባተኛው ሳምንት፣ ልክ በሰኔው ወከባ መሀል፣ አንድ ነገር አስተዋልኩ። አሁንም እባንናለሁ። ያልተወራረደው ሒሳብም ትዝ ይለኛል። ግን መጥቶ ይሄዳል። ከእሱ ቀጥሎ የልጄ ክፍያ፣ ከዚያ የባልደረባዬ ነገር አይሰለፍም። ተገላብጬ እተኛለሁ።

ቅጠሉ ነው ብዬ ግን አልምልም። በዚያው ሰሞን የማታውን ቡና ትቻለሁ። እናቴ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አናቴን ቅቤ ትቀባኝ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያዳንኩህ» እያለች ነው። ይህንኑ ለፋርማሲስቷ ስነግራት ሳቀች። «ሦስቱም ድርሻቸውን ይውሰዱ» አለችና 12 ሳምንቱ ሲያልቅ እንዳቆመው ነገረችኝ። አቆምኩ። ይኸው አንድ ወር አለፈኝ፣ እስካሁን ደህና ነኝ። ቡናውን አልመለስኩም። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ቀርቶበታል፤ እሱን ማንም መጥቶ እንዳይጠይቀኝ።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ ከደብረ ሲና ወይም ከሸኖ ለጉዳይ የምትመጡ፣ ዘመድ ከውጭ የላከላችሁን ጠርሙስ ይዛችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሷን ጠይቄ ፈቃዷ ከሆነ የት እንደምትሠራ እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ፣ እሱን ነው መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ቀለል ይላል።

እናቴ ከመሐል ሜዳ አንድ ጣሳ የተነጠረ ቅቤ ልካላታለች። «ሥራዬ ነው፣ አልቀበልም» ብላ ስትግደረደር እናቴን በስልክ አገናኘኋቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ጣሳው ግን ወደኔ አልተመለሰም።