ቫኪዩም ጌጅ ማንበብ የሚያውቁ መካኒክ ለምትፈልጉ

ተክለሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ በአደባባይ ላመሰግን ነው። የአባቴን ላዳ ሞተር ያለ አግባብ ከመፈታት አድነውልኛል።

መኪናው ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚንም ይበላ ነበር። ቀድሞ ያየው ሌላ ጋራዥ ቫኪዩም ጌጅ ሰካ፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ቫኪዩም በኢንች ሜርኩሪ የሚለካ መሣሪያ ነው። መርፌው 7 ኢንች ላይ ቆመ። «ቫልቭ አልቋል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ» ተባልኩ። ጌጁ ላይ ደህና ተብሎ የተቀባው ከ17 እስከ 21 ስለሆነ ነገሩ ያሳምናል።

እኚህ ሰው ግን «ልጄ፣ ይሄ ቀለም የተቀባው ባሕር ጠረፍ ላለ መኪና ነው» አሉኝ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የጌጁ ንባብም በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ9 እስከ 13 ቢያነብ ምንም አይደለም። ይህን የሚያስረዳ መካኒክ ስንት አለ?

ጌጁን እንደገና ራሳቸው ሰኩት። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ እንዲሞቅ አደረጉ። ከካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው) ወደ ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳት ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ አልነኩትም፤ እሱ ሚኒሞ ላይ ምንም አይስብም ማለት ይቻላል። የገቡት በፍሬን ሰርቮው (ፍሬኑን በሚያግዘው) መስመር ነው፣ አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ማኒፎልድ አጠገብ፣ አየርን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፈው የመስመሩ ቫልቭ በፊት። ከዚህ ቫልቭ ወዲያ ከሆነ ሰርቮው ውስጥ ታስሮ የቀረውን ቫኪዩም ብቻ ያነባል፣ መርፌው የሞተሩን ትንፋሽ አያሳይም። የኔን ቱቦ እንኳን አልቆረጡትም። ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) የገባበት የራሳቸው አጭር ቱቦ አላቸው፤ እሱን ለጊዜው አስገብተው ጫፍና ጫፉን በፋሸታ አጠበቁ።

መርፌው አሁንም 7። ግን አይንቀጠቀጥም። «ቫልቭ ቢሆን በየተራው ጠብ ጠብ ይል ነበር። ይሄ ዝም ብሎ ዝቅ ብሏል። አየር የሚያስገባ ቦታ አለ» አሉ። ካርቡራተሩ እግር ዙሪያ ማጽጃ ስፕሬይ ትንሽ ሲረጩ መርፌው ብድግ አለ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነበር ማለት ነው።

ሲፈታ የካርቡራተሩ መቀመጫ ጎብጦ ተገኘ። ላዳ ላይ ብሎኑን ከልክ በላይ ስለሚያጠብቁት ይሄ የተለመደ ነው አሉኝ። ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግተው መቀመጫውን በቀስታ እያሹ አስተካከሉት። የጓርኒሲዮን ወረቀቱን (መካከል ገብቶ አየር እንዳያልፍ የሚደፍነውን) እግሩ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን በትንሽ መዶሻ እየመቱ ቅርጹን አወጡ። እጃቸው አይቸኩልም። ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ ነው ያጠበቁት። ሞተሩ ሲነሳ መርፌው 12 ላይ ቀጥ አለ። ቴስታታውን ማንም አልነካውም።

ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ነግረውኝ ነበር፤ ሲጨርሱም ያንኑ ተቀበሉ። አብሯቸው የሚሠራውን ልጅ ደግሞ በየደረጃው እየጠሩ መርፌውን እንዲያነብ ያደርጉት ነበር። ይሄ በጣም ደስ ብሎኛል።

እጃቸው ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ላዳ፣ ፊያት፣ ፔጆ፣ ማንኛውም ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ያላችሁ ሞተር ይውረድ ከመባላችሁ በፊት እሳቸውን አሳዩ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካቸውን እዚህ የማልለጥፈው ሳላስፈቅዳቸው ስለማይሆን ነው። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይበዛል።