«ድሬዳዋ–ጅግጅጋ በ40 ደቂቃ» የሚሏችሁን ቲኬት ሳትከፍሉ በፊት እዩት

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ በቴሌግራም የሚዞር የቲኬት ማስታወቂያ አለ። «ድሬዳዋ–ጅግጅጋ፣ 120 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ በረራ» ይላል። ከሥሩ ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተደርድሯል። ብር ከማስገባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ኪሎ ሜትሩ ውሸት አይደለም። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች በአየር የሚራራቁት እውነትም ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። 40 ደቂቃው ግን ከበረራ ፕሮግራም ሳይሆን ኢንተርኔት ላይ ካለ የርቀት ማስያ የተቀዳ ነው። ማስያው ከከተማ ከተማ ቀጥታ መስመር ያሰምራል፤ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር ጄት ያካፍላል፤ ለመነሳትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። በቃ። በዚያ መስመር በዕለቱ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም። (ወደ ክፍለ ሀገር የሚመላለሱት ብዙዎቹ ደግሞ ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ናቸው፤ 800 የት አባታቸው አግኝተው።)

አክስቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የመኪናውን መንገድ ፈርታ ከአንድ ቲኬት ቆራጭ ገዛች። ወረቀቱን አየሁት። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ፤ ያውም በማግስቱ ጠዋት። አንዱ በአየር 340፣ ሌላው 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎረቤት ከተማ ለመድረስ ወደ 800 ኪሎ ሜትር መብረር ማለት ነው፣ የአዲስ አበባው የአልጋ ወጪ ሳይቆጠር። ስትደውልለት «አቦ እማማ፣ አየር ላይ ያለውን ሰዓት እኮ ነው የጻፍነው» አላት። እሱም ቢሆን ልክ አይደለም፤ ሁለቱ በረራዎች ሲደመሩ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋሉ። ገንዘቤን መልስ ስትለው ደግሞ ቅጣት ተቆርጦ ነው፤ የእሱ ኮሚሽን ንክች አይደረግም።

በመኪና በሐረር በኩል 155 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ጠዋት ወጥቶ፣ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ፣ ሐረር ቁርስ በልቶ፣ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ገዝቶ ለምሳ ጅግጅጋ ይደረሳል። ጉልበት ለሚያመው ሰው የፊት ወንበር መያዝና ሐረር ላይ እግር ማፍታታት፣ ቦሌ ወዲያ ወዲህ ከማለት በብዙ ይሻላል።

በአየር ካልሆነ የሚል ካለ፣ ሳይከፍል የበረራ ቁጥርና የመነሻ፣ የመድረሻ ሰዓት ይላክለት። ቁጥሩ ሁለት ከሆነ መሀል ላይ ሌላ በረራ መያዝ አለ። አንድ ቢሆንም የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ቀንሱና እዩት፤ ልዩነቱ የሰፋ ከሆነ መንገድ ላይ ማረፊያ አለው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ፤ 13:40 ከተባለ ከቀኑ 7:40 ነው። «ከከፈላችሁ በኋላ ነው የሚወጣው» የሚላችሁን ቆራጭ ተዉትና አየር መንገዱ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሐረሮችም ጠንቀቅ በሉ። «የሐረር በረራ» ብለው የሚሸጡላችሁ ድሬዳዋ የሚያርፈውን ነው፤ ሐረር የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ይቀራችኋል። «መኪናው ከቲኬቱ ጋር ነው» ካሏችሁ በጽሑፍ ይላኩላችሁ።