ስቶክሆልም ቅዳሜና እሁድ፦ ለባቡርም ለጀልባም አንድ ትኬት

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ስቶክሆልም ያለ ወዳጁን ለሁለት ቀን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ከጓደኛው ቤት ቀጥሎ በብዛት የሚጠቀመው የከተማዋን ማመላለሻ፣ ኤስኤልን ነው። የምድር ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ የከተማ ዳር ባቡሩም፣ አንዳንዱ ጀልባም በአንድ ትኬት ይሠራሉ። ለባጃጁ ለብቻ፣ ወደ ዘጌ ለሚወስደው ጀልባ ለብቻ፣ ያውም ተከራክሮ መክፈል ለለመደ የጣና ዳር ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አገልግሎቱ ጥሩ ነው። ያላወቀውን የሚያስከፍልባቸው ቦታዎች ግን አሉት፤ የመጀመሪያው ገና ከአውሮፕላን እንደተወረደ ነው።

አርላንዳ አየር ማረፊያ ከመሃል ከተማ ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አርላንዳ ኤክስፕረስ የሚባለው ፈጣን ባቡር በ20 ደቂቃ ውስጥ ያደርሳል፤ ነገር ግን የሌላ ድርጅት ስለሆነ የኤስኤል ትኬት አይቀበልም፣ ዋጋውም ለዚህች አጭር ጉዞ አያዋጣም። የከተማ ዳር ባቡሩ እዚያው አየር ማረፊያው ሥር ይቆማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የኤስኤል ትኬት ይዞም ቢሆን በዚያ ጣቢያ በር ለማለፍ ከ100 ክሮና (የስዊድን ገንዘብ) በላይ ተጨማሪ ይከፈላል። ርካሹ መንገድ 583 ቁጥር አውቶቡስ ነው። ማርስታ የባቡር ጣቢያ ድረስ ይወስዳል፤ አገሬው ሲጠራው «ሜሽታ» ይመስላልና ድምፅ ማጉያው ሲናገር እንዳያመልጣችሁ። ከዚያ የከተማ ዳር ባቡር ይያዛል። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ነጠላ ትኬት 75 ደቂቃ ስለሚሠራ አንዱ ይበቃል። ጓደኛችሁ የሚኖረው ሶለንቱና ወይም ኡፕላንድስ ቬስቢ ከሆነ ደግሞ ባቡሩ በመንገዱ ስለሚያልፍባቸው መሃል ከተማ ድረስ ሄዶ መመለስ የለም፤ ቀድማችሁ ጠይቁት።

በአውሮፓውያን 2024 ነጠላው ትኬት 42፣ የ24 ሰዓቱ 175፣ የ72 ሰዓቱ 350 ክሮና ነበር። ዋጋው በየጊዜው ስለሚጨምር ቁጥሩን ሳይሆን ስሌቱን ያዙ፦ የ24 ሰዓቱ የሚያዋጣው በአንድ ቀን ከአራት ጊዜ በላይ ለሚጓዝ፣ የ72 ሰዓቱ ደግሞ ከስምንት ጊዜ በላይ ለሚጓዝ ነው። ቅዳሜን ከተማ ሲዞር ውሎ እሁድን ቤት ቡና ሲጠጣ ለሚያሳልፍ እንግዳ ነጠላውና አንድ የ24 ሰዓት ትኬት ይበቃሉ፤ የ72 ሰዓቱን መግዛት ለስም ነው። በሩ ላይ የባንክ ካርድ አስጠግቶ ማለፍም ይቻላል፤ አንድ ካርድ ግን የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ አይሆንም። አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ ብዙ ሱቆችም እንደዚያው። ስለዚህ ዩሮ በኪስ ይዞ ከመሄድ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከአገር ቤት ባንክ ማውጣት ይሻላል። ያለ ትኬት የተገኘ 1,500 ክሮና ይቀጣል፤ «እንግዳ ነኝ» ማለት አያድንም።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ምርጡ ጀልባው ነው። ከተማዋ በ14 ደሴቶች ላይ ስለተሠራች ውሃው መንገድ እንጂ መዝናኛ ብቻ አይደለም። መሃል ከተማ ካለው ስሉሰን የሚነሳው 82 ቁጥር ጀልባ ክረምት ከበጋ ወደ ዩርጎርደን ደሴት ይሻገራል፤ ያው የባቡር ትኬት ይሠራበታል። እዚያው አካባቢ ለቱሪስት በብዙ ገንዘብ የሚሸጥ የጀልባ ሽርሽር አለ፤ ለሁለት ቀን እንግዳ 82 ቁጥር ይበቃዋል።

ዩርጎርደን ላይ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ቫሳን ይይ። ይህ የጦር መርከብ በአውሮፓውያን 1628፣ እኛ ዘንድ አፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ሳሉ፣ በመጀመሪያ ጉዞው 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደ ሰጠመ። የወጣው ከ333 ዓመት በኋላ ነው። ለምን እንደሰጠመ ታንኳ ጭኖ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፦ 64 መድፍ በሁለት ፎቅ ተደርድሮበት ሆዱ ውስጥ የተጫነው የማመዛዘኛ ድንጋይ አነሰው፤ ነፋስ ጋደም ሲያደርገው በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ። መርከቡ የቆመበት የሙዚየም አዳራሽ ለእንጨቱ ሲባል ደብዘዝና ቀዝቀዝ ያለ ነውና ጃኬት አትተዉ። ከሞቃቶቹ ወራት ውጭ ቅዳሜና እሁድ በ17:00 ይዘጋል፤ ይህ በእኛ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከ15:00 በፊት ስለምትጠልቅ ውጭ የሚታየውን ከጠዋት ጨርሱ፣ ሙዚየሙን ለከሰዓት ተዉት።

ስለ ስንቅ ደግሞ። ውጭ ያለ ጎጃሜ ሁሉ የሚለምነው ቅቤ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የወተትና የሥጋ ውጤት እንዳያስገባ ይከለክላል። ቢነጠርም ቅቤ ቅቤ ነው፤ ቋንጣም አይገባም፤ ከተገኘ ይወረሳል። ማር ለራስ ፍጆታ እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ ሳይሆን ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ችግር የላቸውም፤ ሽታቸው ልብስ እንዳይይዝ በሁለት ከረጢት ይታሰሩ።

ያሳደረውን ጓደኛውን ቢራ ልጋብዝ የሚል ሰው ቅዳሜን እንዳያሳልፍ። ከ3.5 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ከምግብ ቤት ውጭ በአብዛኛው የሚሸጠው ሲስተምቦላገት በሚባለው የመንግሥት ሱቅ ነው፤ ቅዳሜ ቢዘገይ 15:00 ላይ ይዘጋል፣ እሁድ ጭራሽ አይከፈትም። ምድር ባቡሩ ግን ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ አምሽቶ ለመመለስ ታክሲ አያስፈልግም።