ስታዲየም አካባቢ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ክፍል፦ ከአምስት ቀጠሮ በኋላ

የመጀመሪያ ማራቶኔ 11 ሳምንት ሲቀረው ቀኝ እግሬን አገዳው ላይ፣ ከውስጥ በኩል ያመኝ ጀመር። ከሕመሙ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ፍርሃቱ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ፊቴን ሳልታጠብ እግሬን መዳሰስ ልማዴ ሆነ። እናቴ «ወጌሻ ዘንድ ሂድ» ትላለች። መስቀል አደባባይ አብረውኝ ደረጃ የሚሮጡት «ሩጥበት፣ ሲሞቅ ይለቅሃል» ይላሉ። አንድ ማሳጅ ቤት ገብቼ የሚያመኝን ቦታ በጉልበት አሹኝና በማግስቱ መርገጥ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የሥራ ባልደረባዬ ይህችን ክፍል የጠቆመችኝ። ከስታዲየም ወደ ለገሃር ሲኬድ፣ ከስፖርት ልብስ መሸጫዎቹ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት።

የምታክመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት፣ መጀመሪያ እግሬን አልነካችም። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠየቀችኝ፦ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር? አስፋልት ነው አፈር? ከመቼ ጀምሮ? በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ30 ወደ 52 መድረሴን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልብና ሳንባህ ቶሎ ይለምዳሉ፤ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ» አለችኝ። ቀጥላ «ጾም ላይ ነህ?» አለች። ነበርኩ፤ በ12 ሰዓት ሮጬ እህል የምቀምሰው ከሰዓት በ9 ሰዓት ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ወይ አይጠይቁኝም፣ ወይ ጾሙን ተው ይሉኛል። እሷ ግን «ጾምህ የአንተና የፈጣሪህ ጉዳይ ነው። ሩጫህን ግን ወደምትበላበት ሰዓት አስጠጋው፤ ሽሮውንም ምስሩንም ጨምር፤ በቂ ያልበላ ሯጭ አጥንቱ ይጎዳል» አለችኝ። ስለዚህ ጉዳይ ያን ያህል በአክብሮት ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ አውራ ጣቷን አገዳዬ ላይ አሳርፋ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በዝግታ እየተጫነች ወጣች፤ ባመመኝ ቁጥር በእስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋለች። ስትጨርስ ነጥቦቹ ተደርድረው አንድ ስንዝር ሆኑ። «ደህና» አለችኝ። ሕመሙ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ቢሆን፣ ተኝቼም ቢያመኝ፣ በአንድ እግር ስዘል ቢወጋኝ ኖሮ የአጥንት ስንጥቅ ተጠርጥሮ ወዲያው ወደ ሐኪም ትልከኝ ነበር። ስንጥቁ ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይ ስለሚችል ኤምአርአይ ሊያስፈልግ እንደሚችልም ነገረችኝ። በቀኝ እግሬ አሥር ጊዜ አዘለለችኝ፤ አልወጋኝም። ለወር ያህል ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ያኔ ቀለለኝ።

የሰጠችኝ ሥራ ቀላል ይመስላል፦ ሁለት ሳምንት ከአስፋልት መራቅ፣ ብስክሌት፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ በእግር ጣት መነሳት (15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ አንዴ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ አንዴ ጉልበት አጠፍ ብሎ)። ከዚያ አፈር ላይ ሦስት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ። ሕመሙን ከ10 ነጥብ ስሰጠው ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ መቀጠል፤ ካለፈ ማቆም። እልህ ይዞኝ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማሸነፉን አነሳሁባት። «አበበ ከኋላው የስንት ዓመት ልምምድ ነበረው? አንተስ?» አለችኝ። ሰባት ወር።

የማልወድላቸው ነገር አለ። ሊፍት ስለሌለ፣ እግሩን ለታመመ ሰው ሦስት ፎቅ መውጣት ከባድ ነው። የ11 ሰዓት ቀጠሮዬ ሁለት ጊዜ ከ12 አልፏል። ብስክሌቱም አንድ ብቻ ስለሆነ ተራ ይጠበቃል። ክፍያው ለአንድ ጊዜ 800 ብር ነው፤ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን በአምስተኛው ቀን ስድስተኛ ቀጠሮ ልይዝ ስል ሲስተር ራሷ ከለከለችኝ፦ «ወንድሜ፣ ደረጃ ቤትህ አለ። ካመመህ ብቻ ና።»

ባለፈው እሁድ 24 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ሰኞ ጠዋት ቡና ፈልቶ እስኪቀርብ እግሬን መዳሰሴን ረስቼ ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ወረፋው ያኔ ይሻላል። የምትሮጡበትን አሮጌ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሶሉ በየት በኩል እንዳለቀ ገልብጣ ታያለች።