ሐይቅ እንሄዳለን ብለን ጣርማ በር ላይ ቀረን፦ ባለ አልጋ መኪና ልትከራዩ ላሰባችሁ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ለልጆች እረፍት «አልጋና ኩሽና ያለው የካምፒንግ መኪና» ልትከራዩ ካሰባችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቧት። የባለመኪናውን ስም አልጽፍም፤ ክርክሩ ገና አላለቀም። ማስታወቂያውን ግን ስታዩት ታውቁታላችሁ።

እናቴ «ሐይቅን በዓይኔ ሳላይ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ለስድስት ሰው የሆቴል ወጪ ስናሰላ ደነገጥን። በዚያው ሰሞን ማስታወቂያው በቴሌግራም መጣ፦ ቀኑ 9,000 ብር፣ ሾፌር ጭምር፣ ስድስት ሰው የሚያስተኛ፣ ሶላር፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ 200 ሊትር ውሃ። ከደብረ ብርሃን ሐይቅ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በጣርማ በር ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ከደሴ ወዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። ሦስት ቀን ይበቃናል አልን። የመንገዱን ሁኔታ ከአገር አቋራጭ ሾፌሮች ጠይቀን አጣራን። መኪናውን ግን ያጣራ የለም።

ሁለት ነገር ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። አንደኛ፣ ፎቶው ላይ ያለው መኪና መሪው በቀኝ በኩል ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ መኪና የት ታይቶ ነው? ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም «ቤተሰብዎ በሙሉ ገዳሙን ገብቶ ይጎበኛል» ይላል። ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። «እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ እኔን በየት በኩል ሊያስገባኝ ነው?» አለች። ሐይቅን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንደጻፈው ያኔ ሊገባኝ ሲገባ፣ አብሬያት ስቄ 10,000 ብር ቀብድ ላክሁ።

አላላኩ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። «ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ ብድር ብለሽ ጻፊ እህቴ፣ ለሒሳብ እንዲቀለኝ ነው» አለኝ ባለመኪናው። ጻፍኩ። አሁን ባንኩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ ከማላውቀው ሰው ተበድሬ የመለስኩ ሴት ሆኜ ቁጭ ብያለሁ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይመጣል የተባለው መኪና 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ያረጀ ዶልፊን ነው። ወንበሮቹ ወጥተው በምትካቸው ኮምፔንሳቶ ተመቶ፣ በላዩ ስፖንጅ ተነጥፎበታል። ስድስት ሰው ይተኛበታል የተባለው አልጋ ሦስት ሰው በጎኑ ከተኛ ደግ ነው። ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳ አለ፣ እውነት ነው። ሽቦውን ታናሽ ወንድሜ ተከትሎት ገባ፤ በጣሪያው ቀዳዳ ወርዶ፣ ከስፖንጁ ሥር ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ያልቃል። ከምንም ጋር አልተያያዘም። የጋዝ ሲሊንደሩ ከመኝታው ራስጌ ቆሟል፤ ጎማው ከምድጃው ጋር የታሰረው በተቀደደ ካላማዳሪ ነው። ወንድሜ ጋራዥ ነው የሚሠራው። የሳሙና አረፋ ቀባበትና ቡልቅ ቡልቅ ሲል አሳየኝ። ወዲያው ሲሊንደሩን አውርደን ቤት ተውነው።

«ታዲያ ለምን ሄዳችሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ልጆቹ ቦታ ተሻምተው ተቀምጠዋል፣ እናቴ ጋቢዋን ለብሳ ስንቁን ጭኗ ላይ አድርጋለች፣ እኔ 10,000 ብር ከፍያለሁ። ሾፌሩ ወረቀት ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ መሽቶብናል» ይላል። በ3 ሰዓት ምን መሸ? ፈረምኩ። ቀሪውን 17,000 ብርና የመያዣ 10,000 ብር እዚያው ከፈልን። ወረቀቱን ያነበብኩት መንገድ ከጀመርን በኋላ ነው። በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዳ በኪሎ ሜትር 40 ብር ይጨመራል ይላል። ሐይቅ ደርሶ መልስ 600 ነው፣ በሦስት ቀን የተፈቀደው 450፤ ስለዚህ ገና ከቤት ሳንወጣ 6,000 ብር ዕዳ ነበረብን። ሐይቅ እንደምንሄድ ነግሬው ነው ዋጋ የቆረጠልኝ! ከሥር ደግሞ «ቀብድም ሆነ መያዣ በምንም ሁኔታ አይመለስም» የሚል አለ።

ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጣሊያን የቆፈረውን መሿለኪያ አልፋችሁ ስትወጡ መሬቱ ከፊታችሁ ይጠፋል። የዚያን ቀን ጉሙ እስከ አፍንጫችን ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፍሪ አድርጎ በፍሬን ብቻ ይወርዳል። መኪናው ስምንት ሰው፣ ኮምፔንሳቶ፣ ከኋላ ደግሞ 200 ሊትር ውሃ ተሸክሟል። (ስምንተኛው ረዳት ነኝ ብሎ የመጣ ልጅ ነው።) አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል በርሜል ከኋላ ጎማ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ጥቂት ኩርባ እንዳለፍን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ልጄ «እማዬ፣ ቆሎ አረረ» አለች። ወንድሜ ግን ሽታውን ያውቀዋል። «አንተ ልጅ፣ የፍሬኑ ሸራ ነው የሚቃጠለው፣ ማርሽ አስገባ! ከባድ ማርሽ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለሉን ነካ። በሁለተኛ፣ ቀጥሎ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ በእጅ ፍሬን ተጎትቶ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ድንጋይ ታኮ አደረገ። እናቴ እስከዚያ ድረስ እመብርሃንን ስትጠራ ቆይታ፣ መኪናው ሲቆም ዝም አለች።

ወንድሜ በኋላ እንዳስረዳኝ፣ የፍሬን ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ እርጥበት ከሳበ ደግሞ በግለቱ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉን ስትረግጡት የምትጫኑት እንፋሎት ነው። በቁልቁለት መኪናን የሚይዘው ሞተሩ ነው፣ ፍሬን ለማገዝ ነው። በርሜሉን እዚያው አስፋልት ላይ ደፋነው፤ ፍሬኑ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዚያ በአንደኛ ማርሽ ደብረ ሲና ገባን።

ለባለቤቱ ስደውል «አልጋ አለው አይደል እንዴ፣ እዚያው እደሩና ነገ ይጠገናል» አለኝ። ረዳቱም አስቦልን ከሰል ገዝቶ መጣ፤ አቀጣጥሎ መኪናው ውስጥ ሊያስገባልን፣ ብርዱን እንዲሰብር። መስኮት በተዘጋ ጠባብ ቦታ የከሰል ጭስ ሰውን በተኛበት እንደሚገድል በየክረምቱ እንሰማ የለም እንዴ? አልጋ ቤት አደርን፣ በማግስቱ በሕዝብ ሚኒባስ ተመለስን። ሐይቁን ማንም አላየም።

አሁን ሰውዬው «ጉዞውን ያቋረጣችሁት እናንተ ናችሁ» ብሎ 37,000 ብሩን ይዟል። እንዲያውም ለተቃጠለው ሸራ ክፈሉ ይላል። ጠበቃ ዘመዳችንን ጠየቅሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እኛ ግን «በምንም ሁኔታ» የሚለውን ፈርመናል፣ ደረሰኝ የለንም፣ የባንኩ ወረቀት ደግሞ ብድር ይላል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃውና አገልግሎቱ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ለዚህ የተረፈን ማስረጃ ወንድሜ ያነሳው የሽቦው ፎቶና የማስታወቂያው ስክሪንሾት ነው። አቤቱታውን በእነዚህ አስገብተናል።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። መኪናውን ከጉዞው ቀን በፊት ሄዳችሁ እዩት፣ አልጋው ላይ ተኙበት፣ ውሃውን ክፈቱ፣ ፍሪጁን አስነሱ። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና ኢንሹራንሱን ጠይቁ። ታርጋው ኮድ 2 ከሆነ የግል ነው፤ የግል መኪና ለኪራይ ሲሠራ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሊል ይችላል። የምታምኑት መካኒክ ይዛችሁ ቁልቁለት ላይ ሞክሩት። በርሜሉ ባዶውን ይሂድ፤ ውሃ ደርሳችሁ ትቀዳላችሁ። ወረቀቱን ከቀብድ በፊት አስልካችሁ አንብቡ፣ የምትሄዱበት ቦታና ኪሎ ሜትሩም ይጻፍበት። ብር ስትልኩ ምክንያቱ ላይ «የመኪና ኪራይ ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ጻፉ ካላችሁ አትላኩ።

ትናንት ማታ ማስታወቂያው እንደገና ወጥቷል። ዋጋው 10,000 ሆኗል። መሪው አሁንም በቀኝ ነው፣ ገዳሙንም ቤተሰብ በሙሉ ገብቶ ይጎበኛል።