ወፍራም ሶል ወይስ ስስ ሶል? የሩጫ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት

የሩጫ ጫማ ሲመርጥ ሶሉን በአውራ ጣቱ የማይጫን የለም። እኔም እጫናለሁ። ነገር ግን ጣት የሚጫነው የጥቂት ኪሎ ያህል ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲሮጥ እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር የሚያርፍበት ኃይል የክብደቱን ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል፤ ከ140 እስከ 210 ኪሎ እንደተጫነበት ማለት ነው። በዚህ ጭነት ስር ሶሉ ምን እንደሚሆን ጣት አይነግረንም።

ይህ ሁሉ ኃይል ከየት መጣ? ስንራመድ ምንጊዜም ቢያንስ አንድ እግር መሬት ላይ አለ። ስንሮጥ ግን በየእርምጃው መሃል ሁለቱም እግሮች አየር ላይ ይሆናሉ። ያኔ መሬት አይደግፈንም፣ ስበት ግን ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ እግር መሬት በሚነካባት ሩብ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያ ሁሉ መካካስ አለበት። ይህን ሒሳብ የትኛውም ሶል አይሰርዘውም። «ጫናውን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

ታዲያ ወፍራም ሶል ምን ይጠቅማል? የመጀመሪያውን ምት ያለዝባል። ከግንብ ላይ ዘላችሁ እግራችሁን ገትራችሁ ብታርፉ ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል፤ ጉልበታችሁን አጠፍ ብታደርጉት ግን ማረፊያው ጊዜ ያገኛል፣ ምቱም ይለሰልሳል። የሶሉ ስፖንጅም እንደዚሁ ነው። አንድ ችግር አለ፤ ሰውነታችን ከስሩ የለሰለሰ ነገር ሲሰማው ሳይታወቀን እግራችንን ያደነድነዋል። ከጥቅሙ ከፊሉ እዚያው ይበላል።

ትልቁ ልዩነት ጭነቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ተረከዙ ከፍ ያለ ወፍራም ጫማ ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ በተረከዙ ያርፋል፤ ጭነቱም በአብዛኛው ወደ ጉልበት ይሄዳል። (በአማርኛ መገጣጠሚያውም ኃይሉም «ጉልበት» መባላቸው ያለ ነገር አይመስለኝም።) ስስ ሶል ደግሞ ብዙዎችን በእግር ፊት ወደ ማረፍ ይገፋል፤ ያኔ ሸክሙን ባትና የተረከዝ ጅማት ይረከባሉ። ጭነቱ አልጠፋም፣ ቤት ቀየረ እንጂ። እኔ ስስ ሶል የገዛሁ ቀን የለመድኩትን ርቀት በአንዴ ሮጥኩ፤ በማግስቱ ባቴ ከመደንደኑ የተነሳ ደረጃ የወረድኩት ወደ ኋላ ዞሬ ነው። ቀስ ብላችሁ ልመዱት፣ ሳምንታት ይፈጃል።

ክብደትም አለ። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሩጫው የሚጠይቀው ኃይል በ1 በመቶ ገደማ ያድጋል። ለመዝናናት ለሚሮጥ ኢምንት ነው። ለውድድር የምትገዙ ከሆነ ግን አዲሶቹ ወፍራም የውድድር ስፖንጆች በጣም ቀላል ስለሆኑ «ወፍራም ማለት ከባድ» የሚለው ድሮ ቀርቷል። የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ በጎዳና ውድድር የሶልን ውፍረት በ40 ሚሊሜትር መገደቡንም አትርሱ።

አስፋልት ላይ ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ወፍራሙን እመርጥለታለሁ። ባቱ ወይም የተረከዝ ጅማቱ የሚያስቸግረው ስሱን ባይሞክር ይሻለዋል። ድንጋያማና ወጣ ገባ መንገድ ላይ ግን ወደ ስሱ አደላለሁ፤ እግር ከመሬት ከፍ ባለ ቁጥር ቁርጭምጭሚትን የሚያጥፈው ኃይል ይበረታል። ክብደት ለማንሳት ከሆነም ስስና ጠንካራ ሶል ይሁን፣ ስፖንጅ ከባድ ነገር ተሸክሞ ለቆመ ሰው ያወዛውዛል።

ወፍራሙን ከወሰናችሁ ጫማውን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ ተመልከቱት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት። ከዚያ አድርጋችሁት በአንድ እግር ቁሙ። ከባዶ እግር ይልቅ ከተንገዳገዳችሁ ሰፋ ያለ ሶል ያለው ይቅረብልን በሉ።