ያቺን የስልክ ልጅ እግዜር ይስጥልኝ

ይሄን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፣ ወንድሜ ራሱ «ጻፊው እንጂ፣ ሌላ ሰው እንዳይሸወድ» ሲለኝ ነው የጀመርኩት። የመርዝ መረጃ ስልክ ላይ የሌሊት ፈረቃ ለምትሰራ አንዲት ሴት ምስጋና ነው።

ፍሪጁ በር ላይ ከውሃው ጎን አንዲት ሚጢጢ ጠርሙስ ነበረች፣ አውራ ጣት ብታክል ነው፣ መብረቅ የተሳለባት ደማቅ ቢጫ። ወንድሜ ከስራ ደክሞት ገብቶ ኢነርጂ ድሪንክ መስሎት ተጎነጨላት። ለካ ፖፐርስ የሚሉት፣ ሰው ለሞቅታ የሚያሸተው ፈሳሽ ነው! የሚሸተት እንጂ የሚጠጣ አይደለም፣ እሱ መች አወቀ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ «የቆዳ ማጽጃ» ነው የሚለው፣ እሱንም በጉንዳን ፊደል። የማን እንደነበር አልናገርም፣ ባለቤቱ ከኔ በላይ አልቅሷል።

መጀመሪያ የሮጥንበት የህክምና ቦታ (ስሙ ይቅርብኝ) ያየነውን አይጣል ነው። ልጁ ራሱን እያዞረው ከንፈሩ ሲጠቁር እነሱ ስለ ሱስ ይመክሩናል። ጣቱ ላይ የሰኩት የኦክስጅን መለኪያ መሳሪያ 85 ሲል «ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉና ወተት ጠጥቶ ይተኛ ብለው ሸኙን። ወተት!

በር ላይ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ መርዝ መረጃ ስልኩ ላይ ደወልኩ፣ እሷ አነሳችው። ምን አባቱ ነው፣ የማን ነው፣ ምናምን የለም። «እህቴ፣ አሸተተው ወይስ ዋጠው? ከንፈሩ ምን ይመስላል? ጠርሙሱ እጅሽ ላይ ነው? አንብቢልኝ።» ናይትራይት የምትል ቃል እንዳነበብኩላት ድምጿ ተቀየረ። እንዲያስታውክ አታድርጊው፣ ምንም እንዳትሰጪው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ አሁኑኑ ሂጂ አለችኝ። መሳሪያውም አልተበላሸም፣ ደሙ ነው ኦክስጅን መሸከም ያቃተው አለች። እኛ ሳንደርስ ሆስፒታሉ ጋ ደውላ ነገረቻቸው፣ በር ላይ ጠበቁን በቃ!

ደም ሲቀዱለት አየሁት፣ ቸኮሌት ነው የሚመስለው፣ ቀይ አይደለም። የሆነ የዘር የደም ችግር አለበት ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፣ ከዛ እንደ ቀለም ሰማያዊ የሆነ መድሃኒት በደም ስሩ ሰጡት፣ ሜቲሊን ብሉ ይባላል። ቆይቶ ከንፈሩ ቀላ። ሽንቱ አረንጓዴ ሲሆን መሳቅ ጀመረ፣ እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

በነጋታው ራሷ ደወለች። እሱን ከጠየቀች በኋላ «አንቺስ ትንሽ ተኛሽ?» አለችኝ። ማንም እኮ እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም!

ፖፐርስ ቤት ውስጥ ካለ ምን እንደሚደረግም ነገረችኝ፣ ሳትቆጣ። ምግብና መጠጥ ያለበት ፍሪጅ ውስጥ በጭራሽ፣ ብዙ ሰው ግን እዛ ነው የሚያስቀምጠው አለች። ከነወረቀቱ በራሱ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ቆሞ፣ ህጻን የማይደርስበት የሚቆለፍ ቦታ፣ እሳት በሌለበት፣ ምክንያቱም ቶሎ ይቀጣጠላል። ወደ ሌላ እቃ አትገልብጡት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም የክፍል ሽታ መቀየሪያም ተብሎ ይሸጣል፣ ስለዚህ ስሙን አትመኑ፣ ጥቃቅኑን አንብቡ፣ ናይትራይት ካለ እሱ ነው። ልለየው ብላችሁ ደሞ አፍንጫችሁን አታስጠጉ።

ወንድሜ አሁን የውሃ ጠርሙስ ራሱ አገላብጦ አንብቦ ነው የሚጠጣው።

እባካችሁ ባላችሁበት አገር የመርዝ መረጃ ስልክ ካለ ቁጥሩን ዛሬውኑ መዝግቡ፣ ነገ አትበሉ። ሌሊት ደውላችሁ ያቺ ረጋ ያለች ድምጽ ካነሳችላችሁ፣ የቢጫዋ ጠርሙስ እህት ሰላም ብላሻለች በሉልኝ።